የብርቄ ቃጭል

በአንድ ወቅት፣ ጋኑም ልጁም እኩል ዓይን በሚሹበት ቤት፣ ትርንጎ የምትባል ጠላ ሻጭ ነበረች። ባሏ ሞቶ የቀረቻት ብርቄ የምትባል ትንሽ ልጅ ናት። ቤቱ ወንዝ አፋፍ ላይ ስለሆነ፣ ስትጠምቅም ስትቀዳም ልቧ አያርፍም። በኋላ የልጅቷ ቁርጭምጭሚት ላይ ቃጭል አሰረች። ከጓሮ ቅጭል ሲል «አለች» ትላለች፤ ዝም ሲል ጣሳዋን ጥላ ትወጣለች። እሑድ ብቻ ቤቱን ዘግታ ቃጭሉን ትፈታለች፤ ወንዙ መሀል ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እግራቸውን ነክረው ሲሳሳቁ ይውላሉ።

አንድ የገበያ ቀን ቤቱ ጢም ብሏል።

«ትርንጎ፣ ይሄ ጠላ ነው ወይስ ውሃ?»

«ለሰከረ ሁሉም ውሃ ነው!» ትላለች፤ ጆሮዋ ግን ጓሮ ነው። ቅጭል፣ ቅጭል።

አማቷ እሜቴ ዘርፌ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ድንገት ከመደቡ ላይ፣ «ዝም በሉ!» አሉ። «ይሄ የልጅ እግር አይደለም። ልጅ ሲሮጥ ይደናቀፋል፤ ይሄ አይደናቀፍም።»

ትርንጎ ወደ ጓሮ በረረች። ቃጭሉ ጓሮ የምትቦርቀው የፍየል ግልገል አንገት ላይ ነው። ብርቄ የለችም። ደጋው ላይ ዝናብ ወርዶ ኖሮ፣ የደራሽ ውሃ ጉምጉምታ ይሰማል።

ሰዉ ልጅቷን ፍለጋ ወደ ገበያው መንገድ ተሯሯጠ። ትርንጎ ግን «ድንጋዩ!» ብላ ቁልቁል ሮጠች። እውነትም ብርቄ እዚያው እግሯን ነክራ ተቀምጣለች፤ ዙሪያዋ ውሃው በደለል ቀልቷል። እናቷ ዳር ላይ ተተክላ «ልጄን!» ብላ ጮኸች።

ጩኸቱን ሰምታ የተከተለቻት ጎረቤቷ አስናቁ ናት፤ እሷም ጠላ ሻጭ፣ ደንበኛ የምትሻማት፣ ልጅ ያልወለደች። ነጠላዋን ጥላ ገባች። ልጅቷን ተሸክማ ዳር ስትደርስ ደራሹ ድንጋዩን ዋጠው።

በዚያ አገር ከሞት አፍ የወጣ ልጅ እንደገና ተወለደ ይባላል። ያተረፈው ሰው ስም ያወጣለታል፤ የሚያድገውም በስም አውጪው ቤት ነው። ስለዚህ ሦስቱ ሴቶች የመንደሩ ሽማግሌ ፊት ቆሙ።

«እኔ ባልሰማ ይሄኔ የምትፈልጉት ሬሳ ነበር» አሉ እሜቴ ዘርፌ። «ጠላና ልጅ አንድ ቤት አይውሉም። አገሬ ይዣት እገባለሁ።»

«ውሃው አንገቴ ሲደርስ ማን አብሮኝ ነበር?» አለች አስናቁ። «እኔ ቤት የሚስቅ ልጅ የለም።»

«የት እንዳለች ያወቅሁት እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ። «ደስታችን እዚያ ነበራ።»

«ቃጭሉንስ ያሰረው ማነው? ጋንሽን ስበሪና ጠብቂያት!» አሏት አማቷ።

«ሰብሬ በምን ላሳድጋት፣ እሜቴ?»

ብርቄ ከተጠቀለለችበት ጋቢ ብቅ አለች። «ግልገሏን ቃጭል አማራት፣ ሰጠኋት። እማዬ፣ ነገ እሑድ ነው?»

ትርንጎ ቃጭሉን፣ እንዳይጮህ ምላሱን በጣቷ ይዛ፣ ጨብጣዋለች። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፤ ጣቷን አንድ በአንድ አላቀው ወሰዱት። ልጅቷ ቃጭሉ ለሚሰጣት ሴት ናት ተባለ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ቃጭሉ የሚገባው ለማን ነው? ለሰሙት አያት፣ ላወቀችው እናት፣ ወይስ ውሃ ለገባችው ጎረቤት?