ትርንጎና ከዋርካው ሥር የወጣው እንስራ

ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የአያቴ እናት ገና ሳትወለድ የሆነ ነገር ነው። ጎርባ በምትባል መንደር ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሸክላ ሠሪዎቹ ከሌላው ሰው ተገልለው በወንዙ ዳር ይኖሩ ነበር።

አንድ ክረምት የመንደሩ ሹም ባላምባራስ ድልነሳ የወንዙን ዳር ለእርሻ ፈለጉት። «እናንተ መጤ ናችሁ። ለመስቀል ልቀቁ» አሏቸው።

በዚያው ሰሞን ጎርፍ ትልቁን ዋርካ ገነደሰው። ዋርካውን የተከለው መንደሩን ያቀናው አባት ነው ይባል ነበር። ትርንጎ እንጨት ልትለቅም ብትሄድ፣ ሥሩ የተጠመጠመበት አሮጌ እንስራ አገኘች። አንገቱ በጥፍር ተጭሯል።

«ይህን ማን እንደሠራው ሳላውቅ አልቀመጥም» አለች።

መጀመሪያ ዓይነ ስውሯን አሮጊት ሸክላ ሠሪ እመት ወለላን ጠየቀች። እመት ወለላ በጣታቸው ዳበሱት። «እናቴ እንዲህ ትጭር ነበር። ግን ሹሙ በዚህ አያምኑሽም። የአፈሩን አገር ፈልጊ።»

እንስራውን አዝላ ሦስት ቀን ወደ ትልቁ ገበያ ተጓዘች። የሩቅ አገር ሸክላ ሠሪዎችን አንድ በአንድ ጠየቀች። አንዳንዱ ሳቀባት። አንድ ሽማግሌ ግን ከእንስራው ከንፈር ስባሪ ላይ አዩና «አፈሩ ብር የመሰለ አሸዋ አለው። በኛ አገር የለም» አሏት።

ተመለሰች። የወንዙን ዳር ቆፈረች። ዝናብ ደበደባት፤ ቆፈረች። እጇ ቆሰለ፤ ቆፈረች። ከጥቁሩ አፈር በታች የሚያብለጨልጭ አፈር ወጣ። በእሱ ትንሽ እንስራ ሠርታ ተኮሰች።

ሁለቱን ይዛ ሸንጎ ፊት ቆመችና «ይህ ከዋርካው ሥር የወጣው ነው፤ ይህን ደግሞ ከወንዛችን ዳር አፈር ሠራሁት። አፈሩ አንድ ነው» አለች። ባላምባራስ «ሁለቱም ጥላሸት ናቸው። በምን እንመንሽ?» አሏት።

ትርንጎ አሮጌውን እንስራ በጣም ወዳው ነበር። ቢሆንም ድንጋይ አንስታ ሰበረችው። አዲሱንም ሰበረች። የሁለቱም ገል ውስጡ እኩል አብለጨለጨ።

የሸንጎው ታላቅ ገሉን ወደ ፀሐይ ይዘው አገላበጡት። «ዋርካው የበቀለው በነዚህ ሰዎች እንስራ ላይ ነው» አሉ። «መጤዎቹስ እኛ ነን።»

ባላምባራስ ዘንጋቸውን አንስተው ሄዱ። ከወንዙ ዳር ማንም አልለቀቀም።

ከዚያ ወዲህ በጎርባ ልጁን የሚድር አባት ራሱ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ቤት ይወርዳል። ከገበታቸው ይቀምሳል፣ የሙሽራዋንም እንስራ ከእጃቸው ይቀበላል። ይህን «የትርንጎ ደጅ» እንለዋለን። ያልወረደ አባት ሰርጉን የሚመርቅለት ሽማግሌ አያገኝም። እኔም ሦስት ሴቶች ልጆቼን ስድር ሦስት ጊዜ ወርጃለሁ።