«አለሁ» የተባለው እምቢልታ

አንድ ጓንጉል የሚባል እምቢልታ ነፊ ነበር። መቼም እምቢልታ ለብቻው ዜማ አይወጣውም፤ አንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ሲቀባበሉት ነው ዜማ የሚሆነው። ጓንጉል ትልቁን ይነፋል፣ ጓደኛው ውብነህ መካከለኛውን፣ ሰጥአርጌ ደግሞ ትንሹን። ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ እነሱ የተደገሰ ሠርግ አልነበረም።

አንድ ቀን ታዲያ ሠርግ ላይ ሰጥአርጌ ተራውን ሳተ። ጓንጉል ኩሩ ሰው ነውና በሰው ፊት ማፈሩን አልቻለውም።

«ለመሆኑ ያንተ ድምፅ ቢቀርስ ማን ልብ ይለዋል?» አለው፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ።

ሰጥአርጌ እምቢልታውን በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ብቻቸውን ይነፉ ጀመር። ዜማው ጎዶሎ ነበር፤ ጠላ የጠጣ እንግዳ ግን ይህን መች ያስተውላል! ጓንጉልም ተው የሚለው ሲያጣ ልቡ ደነደነ። ሁለት ዓመት አለፈ።

«ኧረ ሄደን እንታረቀው፤ ታሟል አሉ» አለው ውብነህ።

«እኔ ምን በወጣኝ! ከፈለገ እሱ ሽማግሌ ይላክ።»

ሳምንት ሳይሞላ ሰጥአርጌ ሞተ።

ጓንጉል ለቅሶ ሲደርስ ሚስትየው ትንሹን እምቢልታ ይዛ ወጣች። ዓይኗን ማየት አቃተው።

«አያ ጓንጉል» አለችው፣ «እናንተ ሠርግ ቤት ስትነፉ እኮ እዚህ ድረስ ይሰማል። ድምፃችሁን በሰማ ቁጥር ደጅ ይወጣና ተራውን ጠብቆ ይነፋ ነበር። ታሞም እኔን ተደግፎ ወጥቷል። ማን ሊሰማህ ነው ስለው፣ ባይሰሙኝም አለሁ ልበላቸው ይለኝ ነበር።»

ጓንጉል እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ያ ሁሉ ጊዜ ዜማው እዚህ ደጃፍ ላይ ሲሞላ ኖሯል፤ እሱ የራሱን እምቢልታ እየነፋ አልሰማም።

በዚያ አገር ትንሹን እምቢልታ «አለሁ» የሚሉት ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። ስሙን ያወጣለት ራሱ ጓንጉል ነው። አዲስ ነፊ ምክንያቱን ሲጠይቀው፣ የገዛ ጥፋቱን ሳይደብቅ ይነግረዋል።

ስናኮርፍ ጊዜ ያለን ይመስለናል። ያስቀየምነው ሰው ግን ፊቱን ያዞረብን ሲመስለን፣ እሱ በየዕለቱ እየጠራን ይሆናል። ይቅርታ ደግሞ የሚጠቅመው የሚሰማ ጆሮ ሳለ ነው፤ ጓንጉል ኋላ መቃብሩ ላይ ሄዶ ይቅር በለኝ ብሎ ቢለምንም ሰጥአርጌ አልሰማውም። እስቲ እናንተስ፣ እሱ ይምጣ እያላችሁ የምትጠብቁት ማን አለ?