ረግረጉን ያደረቀው ማን ነው?

አንዲት ምላሷ የማያርፍ ባልቴት ከወንዙ ዳር ካለው ረግረግ ደንገል እየቆረጠች ምንጣፍ በመሥራት ትኖር ነበር። የወረዳው የውሃ ኃላፊ አቶ አንዳርጌ ግን «ይህ ጭቃ ለማንም አይጠቅምም» ብለው ትልቅ ቦይ አስቆፈሩና ረግረጉን አደረቁት። ደንገሉ ጠወለገ፤ መንደሩ የሚቀዳው ምንጭም ነጠፈ።

ዓመት ሳይሞላ ከበላይ አዲስ መመሪያ ወረደ፤ ረግረግ ያጠፋ ሰው ይጠየቃል የሚል። የተፋሰሱ ተቆጣጣሪዎች ለጉብኝት ሲመጡ አቶ አንዳርጌ ድንኳን አስተከሉ፤ ሕዝቡን ሰበሰቡ፤ ጥፋቱንም በደንገል ቆራጮች ላይ ሊያላክኩ ተነሡ። ባልቴቷን ጠርተው ከፊት አቆሟትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣

«ደንገል ቆራጮቹ ናቸው ካላልሽ ከዚህ ቀበሌ ትነቀያለሽ» አሏት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «በይ፣ ይህን ረግረግ ያደረቀው ማን እንደሆነ ለእንግዶቹ ንገሪያቸው!» ሲሉ አዘዟት።

እሺ ብትል ደንገል ቆራጭ ጎረቤቶቿ ሁሉ ሊቀጡ ነው፤ እምቢ ብትል ጎጆዋን ልታጣ ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እንግዶቹ ዞረች።

«ጌቶቼ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስሙን ላነብላችሁ አልችልም» አለች። «ቦዩ የተመረቀ ዕለት ግን በእብነ በረድ ተቀርጾ እዚያ ቦዩ አፍ ላይ ተተክሏል። እስቲ ሄዳችሁ አንብቡልን። አቶ አንዳርጌም ረስተውት ነው መሰል፣ ይኸው እኔን ይጠይቁኛል።»