ሳያዙት የዞረው ማሽን

አንድ በር ሠሪ ነበረ። ቆይ ረድኤት፣ ጥያቄሽን ዘልዬ ወደ ተረት የሄድኩ አይምሰልሽ። ለሠልጣኞችሽ ማሽን ለሙከራ ከተዋስሻቸው ሁለት የኮምፒውተር ካርዶች ርካሹን እንደተሰካ ትተሽ ውዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥሽና «ጋሼ፣ ሁለቱም አንድ ሥራ ከሠሩ ርካሹን ብገዛ ምን አለበት?» አልሽኝ። መልሱ ያለው እዚህ ሰው ዘንድ ስለሆነ ነው እሱን የማነሣው።

ይህ በር ሠሪ በእጁ የተመሰገነ ነበር። ዋንዛና ዝግባ በመሮ እየፈለፈለ ሐረግ ያወጣል፣ ወፍ ያወጣል፤ አንድ በር ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ሚስቱ አብራው ትሠራለች። እሱ ይቀርጻል፣ እሷ ታለሰልሳለች። የእንጨቱን ሻካራነት በጣቷ ጫፍ ዳብሳ ታውቀዋለች፤ ዓይን የማያየውን ስንጥር እሷ ታገኘዋለች። ደንበኛ የሚመጣው የእሱን ስም ሰምቶ ነው። በሩን ሲነካው ግን የሚደነቀው በእሷ ሥራ ነበር።

ዕድሜው ሲገፋ ትከሻው እምቢ አለው። ስለዚህ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ፍሬዛ፣ እንጨት የሚፈለፍል ማሽን፣ ገዛ፤ አሮጌ ነው፣ ግን ደህና ነው። ሥዕሉን ኮምፒውተሩ ላይ ትጭኛለሽ፣ ማሽኑ እንጨቱ ላይ ያወጣዋል። ሁለቱን የሚያነጋግራቸው ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚሰካ ካርድ ነው፤ ፓራለል ፖርት የምንለው፣ አሁን አንቺ ያመጣሽው ዓይነት። ኮምፒውተሩ «ወደ ግራ ሂድ» ሲል ካርዱ ለማሽኑ ያደርሳል። «ጥርሱን አዙር» ሲልም፣ እንጨቱን የሚበላውን ስለት ማለቱ ነው፣ ያደርሳል። ከመልእክተኛ በላይ አይደለም።

አንድ ቀን ይህ ካርድ ተቃጠለ። በር ሠሪው የኮምፒውተር ዕቃ ወደሚሸጥ ሰው ሄደ። ሻጩ ሁለት ካርድ አወጣለት፤ አንደኛው የሌላውን ሩብ ዋጋ እንኳ አያወጣም።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አለ በር ሠሪው።

«እኔ የማውቀው የዋጋውን ነው» አለ ሻጩ። ሐቀኛ ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በይልኝ። ይህን የሰማ ሁሉ «ስስታም ነበር፣ ዋጋውን አገኘ» ይላል። አልነበረም። ርካሹን ገዝቶ እንደ ባለሙያ ፈተነው። ክብ አስቀረጸው፤ የክቡ መጀመሪያና መጨረሻ ገጠመ። አራት ማዕዘን አስቀረጸው፤ ማዕዘኑን በራሱ መለኪያ ለካው። ከዚያም ጥርሱን ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ሃምሳ ጊዜ አመላለሰውና የተነሣበት ነጥብ ላይ መመለሱን አጎንብሶ አየ። የፀጉር ያህል ፈቀቅ አላለም።

«ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?» አላት ሚስቱን። እሷም ደስ አላት። ሦስት ወር ሠሩበት፤ አንድም እንጨት አልተበላሸባቸውም።

ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ማሽኑ አንድ ትልቅ በር እየቀረጸ ሳለ መብራት ሄደ። ጥርሱ ዞሮ ዞሮ ቆመ። ኮምፒውተሩ ጠቆረ። መብራት መሄዱ ለእነሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ካርድ ከገባ ወዲህ ግን በሥራ መሃል ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሰጋቱራው የሐረጉን ቦይ ሞልቶት ስለነበር ሚስቱ ብሩሽ አንሥታ መጣች።

«ልጥረገው?»

«ጥረጊው፤ ጠፍቷል» አላት።

እሱ በሩቁ መሮ ይስል ነበር። እሷ እጇን ከጥርሱ ሥር አስገብታ ትጠርጋለች። መብራቱ መጣ። የማሽኑን ማብሪያ ማንም አልዘጋውም፤ ኮምፒውተሩም መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሣ የተደረገ ነበር። ገና ስክሪኑ ላይ ፊደል አልታየም፤ ገና ሥዕል አልተከፈተም፤ ማንም አንድ ቁልፍ አልነካም። ጥርሱ ዞረ።

ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ሲሮጥ መጣ። በር ሠሪው ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ፣ እጇን በነጠላዋ ጠቅልሎ፣ ተሸክሟት ሲወጣ አገኙት። ሐኪሞቹ ደከሙ፤ የቀኝ እጇን አውራ ጣትና የመጨረሻዎቹን ሁለት ጣቶች አተረፉላት። ሌባ ጣቷንና የመሃል ጣቷን ግን ማትረፍ አልቻሉም።

ሰውየው አፉ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ሆነ። «አላዘዝኩትም» ይላል። ለሐኪሙም፣ ለጠያቂውም፣ ለራሱም። «እኔ አላዘዝኩትም።» አንዳንዱ ጎረቤት «ቤቱን ጠበል አስረጭ» አለው። ሌላው የመብራቱ ጉልበት ነው አለ። እሱ የማንንም አልሰማ፤ ዓይኑ እንደ ፈጠጠ ቀረ።

በአራተኛው ቀን ሚስቱ ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆና ጠየቀችው።

«ጠፍቷል ያልከኝ ማን ነግሮህ ነው?»

«ሲቆም አይቼ ነዋ።»

«መቆሙንማ እኔም አይቻለሁ» አለችው።

አልተቆጣችም። ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። እሱ ግን ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ ወርክሾፑ ሄደ፤ ከሐሙስ ወዲህ ገብቶበት አያውቅም ነበር።

ጥርሱን ፈትቶ አወጣው። ማሽኑን አበራና ራቅ ብሎ ቆመ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አስነሣ። ጥርሱ የሚታሰርበት ባዶው ማሰሪያ እንደዚያን ዕለቱ እየጮኸ ዞረ! አንድ፣ ሁለት ብሎ ሲቆጥር ስድስት ላይ፣ ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ሲያበቃ፣ ቆመ። አጥፍቶ ደገመው። ዞረ። አሥር ጊዜ ሞከረ፤ አሥሩንም ጊዜ ዞረ። ለካ ካርዱ ሲነቃ፣ ገና የሚያዘው ሳይመጣ፣ በሁሉም መስመሩ «አድርግ» እያለ ነው የሚነቃው።

«ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ እንዴት አላየሁትም?» አለ። የየማለዳ ሥራውን ከመጀመሪያው በተራ ቆጠረው። በየማለዳው ኮምፒውተሩን ቀድሞ ያስነሣል፤ እስኪነሣ ድረስ እንጨቱን ያስተካክላል፤ ማሽኑን የሚያበራው በመጨረሻ ነው። እንዲህ ያደርግ የነበረው አስቦበት ሳይሆን የኮምፒውተሩ ማብሪያ ለበሩ ስለሚቀርብ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ካርዱ በየማለዳው «አዙር!» እያለ ጮኋል፤ ማሽኑ ተኝቶ ስለነበር አልሰማውም። ያን ሁሉ ማለዳ ደግሞ ሚስቱ የትናንቱን ሰጋቱራ የምትጠርገው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ላይ፣ በሁለት እጇ ነበር። እግዚአብሔር የጠበቃቸው ማሽኑን በመጨረሻ በማብራቱ ብቻ ነበር። እነሱ ግን ካርዱ ጥሩ ሆኖ መስሏቸው ሲያመሰግኑት ከረሙ።

ካርዱን ነቅሎ በጭብጡ ይዞ ወደ ሻጩ በረረ።

«ሰው የሚበላ ዕቃ ነው የሸጥክልኝ!» ብሎ ባንኮኒው ላይ ጣለው። የሆነውንም ነገረው።

ሻጩ ፊቱ ዐመድ መሰለ። አልተከራከረም። የተጣለውን ካርድ አነሣ፤ ውዱንም ኪሱ ከተተ፤ ሱቁን ዘጋና «ና፣ አብረን እንየው፤ ውዱን ያለ ምንም ዋጋ እተክልልሃለሁ» አለው። ወርክሾፑ ደረሱ። ሻጩ ውዱን ካርድ በገዛ እጁ ሰካው። በር ሠሪው ማሽኑን አበራ፤ ኮምፒውተሩን አስነሣ።

ባዶው ማሰሪያ እየጮኸ ዞረ።

ሻጩ «ድገመው» አለ። ደገመው። ያው ነው። ውዱም፣ ያ ከአራት እጥፍ በላይ የሚከፈልበት፣ ሲነቃ «አድርግ» እያለ ነው የሚነቃው።

«ወንድሜ» አለ ሻጩ በመጨረሻ፤ «ይህን ዕቃ አሥር ዓመት ሸጫለሁ። ሰው መጥቶ ስንት ያወጣል ይለኛል። ይፈጥናል ወይ ይለኛል። ከኔ ኮምፒውተር ጋር ይገጥማል ወይ ይለኛል። ሳያዙት ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከሁሉ የሚያሳፍረው፣ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።»

በር ሠሪው ማሽኑን አጠፋ። ከዚያ ያደረገው ነገር ሻጩን ከሁሉም በላይ አስደነገጠው፤ ውዱን ካርድ ነቅሎ መለሰለትና ርካሹን መልሶ ሰካው።

«ያንኑ? ሚስትህን የጎዳውን?» አለ ሻጩ።

«ያንኑ። የጎዳኋት እኔ ነኝ» አለ።

በማግስቱ ከካርዱና ከጥርሱ መሃል አንድ ማብሪያ አስገባ። መብራት ሲሄድ ራሱ ይወድቃል፤ መብራት ሲመለስ ካርዱ የፈለገውን ቢጮህ አይነሣም። የሚነሣው ሰው ሄዶ በእጁ ሲጫነው ብቻ ነው። መጫኛውንም ከማሽኑ አምስት እርምጃ ርቆ ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ የሚጫነው ሰው እጁ የት እንዳለ እንዲታወቅ።

ሚስቱ ከሆስፒታል ስትመለስ «አሁንስ?» አለችው። «አሁን አንቺ ፈትኚው» አላት። በግራ እጇ የግድግዳውን መሰኪያ ነቀለች፤ መልሳ ሰካች። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ጥርሱ አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ነቀለች። ቆጥራ ሃያ ጊዜ አደረገችው፤ እሱ ከጎኗ ቆሞ ነበር። አንዴም አልዞረም። ያም ሆኖ እጇን ወደዚያ ማሽን መልሳ አላስገባችም፤ እሱም አስገቢ አላላትም። ማለስለሱን በግራ እጇ ተማረች። በሮቹ እንደ ድሮው አማሩ፤ የሚፈጁት ጊዜ ግን እጥፍ ሆነ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ረድኤት። ያ በር ሠሪ አንቺን ይመስላል። አንቺም ሁለቱን ካርዶች ፈትነሻቸዋል፤ ክብ አስቀርጸሽባቸዋል፤ ሁለቱም አለመሳሳታቸውን ለክተሽ ነው ወደኔ የመጣሽው። ሁሉንም የፈተንሽው ግን እያዘዝሻቸው ነው። ታዝዞ የሚሠራ በየሱቁ ሞልቷል፤ በርካሽም በውድም ይገኛል። ሰው የሚጎዳው ማንም ምንም ባላዘዘባት በዚያች ስድስት ሰከንድ ነው፤ የስድስቷን ሰከንድ ነገር ደግሞ ዋጋው አይነግርሽም። ሰውም እንደዚሁ ነው። ዘበኛ ስትቀጥሪ፣ ምክትል ስትመርጪ፣ ፊትሽ ቆሞ ሲታዘዝ አይተሽ አትመኚው፤ አዛዥ በሌለበት ምን እንደሚያደርግ እይው።

ፊትሽ ተለዋወጠ። ርካሹ ካርድ ከተሰካ ስንት ጊዜ ሆነው? ሁለት ሳምንት? እና ማሽኑን የምታበሪው ከኮምፒውተሩ በፊት ነው በኋላ? አየሽ፣ አታውቂውም። በር ሠሪውም አላወቀም ነበር።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፤ ርካሹን ውሰጂ፤ ምንም የለበትም። በቀረው ገንዘብ መሃሉ ላይ ማብሪያውን አስገቢበት። አሁኑኑ ግን ተነሥተሽ ሂጂ፤ ልጆቹ ከምሳ ሳይመለሱ ጥርሱን ፍቺና ማሽኑ እንደበራ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተሽ አብሪው። ራቅ ብለሽ ቁሚ፤ የሚሆነውን በዓይንሽ እዪ። አሥራ ሁለት ሠልጣኝ አለሽ፤ ሃያ አራት እጅ ነው። ሳታዪ ለአንዱም እጅ ዋስ አትሁኚ።