ከጉድጓዱ አፍ የመጣው መልስ

አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ፤ ደባልቄ ይባላል። ውሃ በራቀበት ቆላ ከታናሽ ወንድሙ ከምትኩ ጋር እየዞረ የሰው ጉድጓድ ይቆፍራል። ደባልቄ ከታች ሆኖ ይቆፍራል፣ ምትኩ ከላይ ሆኖ አፈሩን በቅርጫት ይጎትታል። አንድ ደንብ ነበራቸው። ቅርጫቱ ባዶውን በተመለሰ ቁጥር ደባልቄ «አለህ?» ብሎ ይጣራል፤ ምትኩም «አለሁ!» ይለዋል። መልስ ካልመጣ ዶማ አይነሳም። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ይህ ነገር ቀልድ ይመስለዋል።

በእነሱ መንደር አንድ መምህር ነበሩ። ብዙ ያነበቡ፣ ውሸት የማይወዱ ሰው ናቸው። አንድያ ልጃቸውን በወባ ከቀበሩ ወዲህ ግን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጠው አያውቁም። ሰው ሲጸልይ ባዩ ቁጥር፣ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል! ፈርታችሁ ነው እንጂ ማንም አይሰማችሁም» ይላሉ። ሐዘንተኛ ፊት እንኳ ይሉታል። እኔ በበኩሌ በዚህ አዝንባቸዋለሁ።

አንድ ቀን እዚያው መንደራቸው ሲቆፍሩ ምትኩ ደከመውና አፈሩን ርቆ መድፋቱን ትቶ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ከመረው። አሥር እርምጃ ለማትረፍ ብሎ ነው። በማግስቱ ዝናብ ጣለ፤ ክምሩ ውሃ ጠጥቶ ከበደ። ደባልቄ ከታች እየቆፈረ ሳለ የጉድጓዱ አፍ ተናደ፤ ምትኩም ገመዱን እንደያዘ አብሮ ወረደ።

የመንደሩ ሰው ሮጦ ሲደርስ ምትኩን ከናዳው አናት ላይ አገኘው፤ ሞቷል። ደባልቄ ግን ከታች ግድግዳውን ፈልፍሎ ባበጃት ማረፊያ ውስጥ ተርፏል። ናዳው ደባልቄ በሚወርድበት መሰላል ላይ ተይዞ ስለቀረ በክፍተቱ ድምፁ ይሰማል።

«ምትኩ! አለህ?»

የደባልቄ ሚስት ውድነሽ መምህሩ እግር ላይ ወደቀች። «መምህር፣ ድምፅዎ የምትኩን ይመስላል። አለሁ ይበሉልኝ! የወንድሙን ሞት ከሰማ እዚያው ይሞትብኛል።»

«የሞተ ሰው ሆኜ ልዋሽ?» አሉ መምህሩ።

«ኧረ አለህ?» አለ ደባልቄ።

መምህሩ ወደ ጉድጓዱ አጎነበሱ። «አለሁ!» አሉ።

ሦስት ቀን ሙሉ በጎን በኩል ተቆፈረ። መምህሩ ከጉድጓዱ አፍ አልተነሱም፤ በተጣራ ቁጥር «አለሁ» ይላሉ። ምትኩ ሲቀበር ለቅሶውን ወንድሙ እንዳይሰማ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ። ወይ ነዶ! ሰው እንዲህም ይቀበራል?

በሦስተኛው ቀን ደባልቄ ወጣ። ዙሪያውን አየና ቁጭ አለ።

«የት ቀበራችሁት?» አለ።

መምህሩ ደነገጡ። «አውቀህ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ሰው የወንድሙን ድምፅ ይስታል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ስትጣራ ሰነበትክ? ለምን ማነህ አላልክም?»

«ማነህ ብል ምትኩ መሞቱ ይነገረኛላ! እሱን መስማት አልቻልኩም። ማን እንደሚመልስልኝ አላውቅም ነበር፤ ግን የሚመልስ ካለ የሚቆፍርም አይጠፋም ብዬ ተጽናናሁ።»

«ፈርተህ ነዋ» አሉ መምህሩ።

«በጣም ፈርቻለሁ» አለ ደባልቄ። «ግን እርስዎም ከላይ ነበሩ።»

መምህሩ በዚያው ቀን ወደ ልጃቸው መቃብር ሄዱ። ወደ ሰማይ ቀና ብለው «አለህ?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። በማግስቱም ሄዱ። እስኪሞቱ ድረስ በየቀኑ ይሄዱ ነበር፤ መልስ ሰማሁ ብለው ግን ለማንም አልተናገሩም። ደባልቄም ከዚያ ወዲህ ዶማ አላነሳም።

ወገኖቼ፣ ሰው በፈጣሪ የሚያምነው ፈርቶ ነው የሚል ሰው ሐሰት አልተናገረም። እንፈራለን። ብቻችንን መሆን አንችልም፤ የቀበርነው ሰው እንዲያው በከንቱ ሄደ ማለትም አይሆንልንም። ነገር ግን የምንጣራው ፈርተን መሆኑ ከላይ ማንም እንደሌለ አያስረዳም። እንዳለም አያስረዳም፤ ይህ ነው ከባዱ። ስለዚህ ሰው ከጨለማ ውስጥ ሲጣራ ብትሰሙ አትሳቁበት፤ በጉድጓዱ አፍ ያላችሁት እናንተ ብቻ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

እናንተስ ከታች ሆናችሁ፣ የማታውቁት ድምፅ «አለሁ» ቢላችሁ፣ «ማነህ?» ብላችሁ ለመጠየቅ ትደፍሩ ነበር?