ገብስ የማይበላው አበዳሪ

አንድ ጊዜ የጫካው እንስሳ ሁሉ ቤት ሲያሠራ ድንጋይ የምታመላልስ አንዲት አህያ ነበረች። የአንበሳን አዳራሽና የዝንጀሮን ጎተራ ካቆመው ድንጋይ መሃል በእሷ ጀርባ ያልተጫነ አልነበረም። እሷ ግን የምታድረው ሜዳ ላይ ነው። ጅብ በጮኸ ቁጥር ጆሮዋን ቀጥ እያደረገች ታነጋለች። ከዓለም የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጅብ የማይሰብረው በር።

ቀበሮ በዋርካው ሥር የቤት ንድፍ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ከፈተ ሲባል ሰምታ ሄደች።

«ለመሆኑ ይህን ጥበብ የተማረ ምን ያገኛል?»

«ምን የማያገኘው አለ!» አለ ቀበሮ። «ዝንጀሮን አታዪውም እንዴ? እዚሁ ተምሮ፣ የአንበሳን አዳራሽ ነድፎ፣ ይኸው ጎተራው ሞልቶ ሌላ ያሠራል።»

ውሸት አልነበረም። ቀበሮ የሚዋሸው እውነት ሲያጣ ብቻ ነው። የጎተራውን ድንጋይ ያመላለሰችው ራሷ ናትና አህዪት አመነች።

«ክፍያውስ?»

«አርባ ዳውላ ገብስ ነው። እንዳትደነግጪ፣ አበዳሪ አለሽ» አለና ወደ ጓሮ ተጣራ። አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ብቅ አለ። አህዪት ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«አትፍሪ እቴ» አለ ጅብ። «አሁን ተማሪ፤ ስትሰቢ ትከፍያለሽ።»

ቀበሮ ጭራውን ረገጠው። «ስትመረቂ ማለቱ ነው።»

«አዎ፣ ስትመረቂ።»

«እስክትከፍይ ድረስ ያለሽ ሁሉ መያዣ ነው» አለ ቀበሮ። «ለወጉ ያህል ነው እንጂ ምን አለሽና!»

አህዪት ላስብበት ብላ ስትመለስ ጎረቤቷን እመት ኤሊን አገኘቻትና አጫወተቻት።

«ጥበቡስ ጥሩ ነው» አለች ኤሊ። «ግን የዝንጀሮን ጎተራ ተይው። እንደ አንቺ ኮቴ ያላት ድኩላ ተምራለች፤ ምን እንዳገኘች ሂጂና ጠይቂያት። ደግሞ አንድ ነገር አልገባኝም፤ ጅብ ገብስ አይበላም። የማይበላውን እህል ምን ሊያደርግለት ያበድራል?»

«አንቺማ ቤትሽን አዝለሽ ትዞሪያለሽ» አለች አህዪት ተቆጥታ። «ሜዳ የሚያድር ሰው ምን እንደሚያስብ በምን ታውቂያለሽ?»

መልሱ ያማል፤ እውነትም አለበት። ድኩላን ግን ሳትጠይቃት ቀረች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል፤ ይቺን ምስኪን ግን ቸግሯት ነበር፤ አንጀት የሚበላውም እሱ ነው።

ተማረች፤ ጎበዝም ሆነች። ምሰሶ ምን ያህል እንደሚሸከም ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ መሸከምን ለአህያ ማን ያስተምራታል! በተመረቀች ማግስት የነደፈችውን ቤት ይዛ ወደ አንበሳ ሹም፣ ወደ ነብር ሄደች።

«ግሩም ንድፍ ነው» አለ ነብር። «የመዳፍ አሻራው የታል?»

አህዪት እግሯን ጭቃ ነክራ አሳረፈችበት።

«ይሄማ ኮቴ ነው። በሕጋችን ንድፍ የሚጸድቀው መዳፍ ሲያርፍበት ነው። ባለ ኮቴ ለባለ መዳፍ እየነደፈ ይኖራል። ዝንጀሮ ረዳት ይፈልጋል፤ ሂጂ እሱ ዘንድ።»

ዝንጀሮ ቤት ስትደርስ ድኩላ አንገቷን ደፍታ መስመር ታሰምራለች። ቀና ብላ አየቻት።

«አንቺም መጣሽ?» አለች። «ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር።»

አህዪት እየሮጠች ቀበሮ ዘንድ ሄደች። «ለምን ደበቅኸኝ?»

«ምን ደበቅሁሽ? ስለ መዳፍ መቼ ጠየቅሽኝ?» አለ ቀበሮ፣ የራሱን መዳፍ እየላሰ።

ከዚያ በኋላ አህዪት ትነድፋለች፣ ዝንጀሮ መዳፉን ያሳርፋል፣ ጎተራውም የዝንጀሮ ነው። እሷ ከምታገኘው ገብስ ጥቂቱን በልታ የቀረውን ለወለድ ትሰጣለች፤ አርባው ዳውላ ግን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ሥራ በማይኖርበት ቀን ወደ ድንጋይ ማመላለሱ ተመለሰች። ከየግንባታው የወዳደቀውን እየለቀመች ለራሷ ጎጆ አቆመች። ለጎጆ መዳፍ የሚጠይቅ የለም። በሩን ከወይራ ሠራችው፤ መቀርቀሪያውንም ከውስጥ አደረገችው።

በመጀመሪያው ምሽት በሩን ዘግታ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯን ዘርግታ ተኛች። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ አያ ጅቦ። «ክፈቺ።»

«አልከፍትም! ይህን በር አትሰብረውም!»

«የገዛ በሬን ለምን እሰብራለሁ? ያለሽ ሁሉ መያዣ ነው ተባብለናል። ቤቱም መያዣ፣ በሩም መያዣ። ክፈቺ፣ አለዚያ ነብርን እጠራለሁ።»

ምን ታድርግ? መቀርቀሪያውን በገዛ ጥርሷ ሳበችው። ጅብ ገብቶ ደጃፉ ላይ ተጋደመ።

«ልትበላኝ ነው?»

«እኔስ ያኔውኑ ልበላሽ ነበር፤ ቀበሮ ከለከለኝ። የበሏት አህያ የአንድ ቀን ናት፣ የምትከፍል አህያ የዕድሜ ልክ ናት አለኝ። ገብስሽን በሥጋ ይለውጥልኛል። ነገሩ ብዙም አልገባኝ፤ ሆዴ ግን ሞልቷል።» አዛጋ። «መክፈል ሲያቅትሽ ደግሞ ይኸው ቅርብ ነኝ።»

ጠዋት ቀበሮ ብቅ ብሎ በጆሮዋ ሹክ አላት። «አንድ ባለ ኮቴ ባስመዘገብሽልኝ ቁጥር አንድ ዳውላ ይቀነስልሻል።» ከኋላው ለመመዝገብ የሚያስቡ እንስሳት ተከትለውታል። «አያችሁ?» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ትናንት ድንጋይ ተሸካሚ ነበረች፤ ዛሬ የራሷ ቤት አላት!»

ከመሃላቸው አንዲት በቅሎ ጠጋ አለች። ጀርባዋ የጭነት ቁስል አለበት።

«እትዬ አህያ፣ እኔም የማድረው ሜዳ ላይ ነው። እውነቱን ንገሪኝ፤ ያዋጣል?»

አህዪት የበቅሎዋን ኮቴ አየች። ከበሩ ኋላ የጅብ ትንፋሽ ይሰማል። የድኩላ ቃልም ጆሮዋ ላይ ነበር፤ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ይቺስ ጠይቃለች።

«በሩ ጠንካራ ነው» አለች አህዪት፣ መሬት መሬት እያየች።

በቅሎዋ ደስ ብሏት ወደ ዋርካው ሮጠች።

ከዚህ የምንማረው ተበድሮ ሊማር የሚነሳ ሁሉ ዕዳውን ከባለ መዳፉ ጎተራ ጋር ሳይሆን የእሱ ቢጤ ከሚያገኘው ጋር መመዘን እንዳለበት፣ ዕዳ የያዘውን አፍም ብቻውን አምኖ ምስክር ማድረግ እንደሌለበት ነው።