የአረፋው ቦታ

በሽበቱ ሥዕል መማር የጀመረ አንድ ሰው ነበረ። ቁጭ በልና ስማ፣ ሰብስቤ፤ «ሥራዬ መልክ ይያዝና ከዚያ በኋላ ለልጆቼ ጊዜ እሰጣለሁ፤ ምን ክፋት አለው?» ላልኸኝ መልሱ ይኸው ነው።

የሰውየው ሚስት ባሕር አጠገብ ተወልዳ ያደገች ነበረች። በሽታ አልጋ ላይ ጣላት፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆረጡ። «ማዕበሉ አሸዋው ላይ ሲመታ ያንን ነጭ አረፋ አንዴ ባየሁትና ብሞት» አለችው። ወስዶ እንዳያሳያት መንገዱን አትችለውም። ስለዚህ የውኃ ቀለምና ወረቀት ገዝቶ ወደ አንድ የሥዕል አስተማሪ ሄደ።

አስተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ እንዲህ አለው፦ «በውኃ ቀለም ስንሥል ነጭ አንቀባም። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። የአረፋውን ቦታ ከመጀመሪያው ተውለት፤ ሰማያዊውን በዙሪያው አሳልፈው።»

ሰውየው እሺ አለ። አፉ ነው እሺ ያለው! ቤቱ ገብቶ ብሩሹን ሲያነሳ «ደግሞ ለአረፋ! ዋናው ባሕሩ ነው፤ አረፋው በኋላ ይደርሳል» አለ። ሰማዩን ቀባ፣ ባሕሩን ቀባ፣ አሸዋውን ቀባ፤ ጥፍር የምታህል ነጭ አላስቀረም። አማረለት፤ አልዋሽም።

ሚስቱ አየችና «አረፋውስ?» አለች።

ያኔ ደነገጠ። በእርጥብ ስፖንጅ አሸው፤ ፈዘዘ እንጂ አልነጣም። በምላጭ ፋቀው፤ ወረቀቱ ተቀደደ። «ቆይ፣ ሌላ ወረቀት ገዝቼ መጣሁ» ብሎ እየሮጠ ወጣ። ሲመለስ ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆመዋል። ወረቀቱን እንደ ጠቀለለ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከእንግዲህ ምን ያደርግለታል?

ሰብስቤ፣ ያ ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ ሚስቱንም ይወዳት ነበር። አንተም ልጆችህን ትወዳለህ፤ ማን ይክዳል? ግን የልጅነታቸው ዘመን ያ ወረቀት ነው። ሱቅህን፣ ስብሰባህን፣ መንገድህን ከዳር እስከ ዳር ቀብተህበት «በኋላ» ትለኛለህ። የቱን በኋላ? የሞላህበትን ብትፍቀው አይነጣልህም፤ ይቀደዳል እንጂ።

ትልቋ ልጅህ ትናንት እዚህ መጥታ ነበር። ስጦታ ልትገዛልህ ፈልጋ «አባዬ ምንድን ነው የሚወደው?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። እኔን! ጎረቤቱን! ምን ልበላት፣ ሰብስቤ?